ያውቁ ኖሯል? «ና እስቲ፣ አንተ ልጅ!»

ያውቁ ኖሯል? በነቀምቴ ልጅን የሚልከው ወላጁ ብቻ አይደለም። ከቡርቃ ጃቶ እስከ ጨለለቂ ደጁ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ሁሉ «ና እስቲ፣ አንተ ልጅ!» ብሎ በዚያ የሚያልፈውን ልጅ ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት ወይም ጎረቤት ይሰደዋል። የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠየቀው ከተላከ በኋላ ነው። እምቢ ያለ እንደሆነ ደግሞ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤቱ ይገባል። በጊምቢም፣ በነጆም፣ በደምቢ ዶሎም ያው ነው። ጎንደርና አዲስ አበባ ያደገ አንባቢም ይህን ሲያነብ የላኩትን ጎረቤቶች ስም መጥራት ሳይጀምር አይቀርም።

ያውቁ ኖሯል? ተላላኪ ልጅ ሰዓት ባያስርም ሰዓት ይቆጠርበታል። ላኪው መሬት ላይ እንትፍ ይልና «ይህ ምራቅ ሳይደርቅ ተመለስ» ይላል። ክረምቱ በሚበረታባት ወለጋ ምራቅ ቶሎ እንደማይደርቅ የገባው ልጅ ግን መንገድ ላይ አንድ ዙር ብይ የሚጫወትበት ጊዜ አያጣም።

ያውቁ ኖሯል? በአንዲት ወንፊት የማስመጣት መልእክት ውስጥ ብዙ ሥርዓት ተሸጉጧል። ልጁ በር ላይ ቆሞ «ወንፊት ስጡኝ» ቢል ጉድ ነው። መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል። ግባ እስኪባል ይቆማል። ከዚያ «እማዬ ሰላም ብላችኋለች» ይላል፤ ወንፊቱ የሚነሳው ይሄኔ ነው። ቁርስ ቅመስ ቢባል አንድ ጊዜ «ጠግቤያለሁ» ማለት አለበት፤ ሲደገምለት መቀበል ነውር የለውም። እቃውን በሁለት እጁ ይቀበላል። እዚያ ቤት ያየውን እንግዳ ወይም የሰማውን ጭቅጭቅ ይዞ መምጣት ደግሞ የለበትም፤ ምንም እንኳ ቤት ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «እነማን አሉ?» ቢሆንም። ይህን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። ተልኮ፣ ተሳስቶ፣ ተስቆበት ነው ያወቀው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከግብረ ገብ መጽሐፍ ምዕራፎች ይልቅ ይህ ወንፊት ብዙ ያስተምራል።

ያውቁ ኖሯል? መላክን የአእምሮ መለኪያ ያደረገ ተመራማሪ አለ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሮበርት ሰርፔል በምሥራቅ ዛምቢያ በቼዋ ሕዝብ መንደሮች ልጆችን በፈተና ብቻ ከመመዘን ይልቅ አዋቂዎቹን ጠየቀ። ከነዚህ ልጆች መካከል እንዲህ ያለ ጉዳይ ቢገጥማችሁ የትኛውን ትልኩ ነበር? ለምንስ እሱን? ከመልሶቹ የተረዳው ነገር በመንደሩ አስተሳሰብ ብልህ ማለት ፈጣን ብቻ ሳይሆን የሚታመንም ልጅ መሆኑን ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1993 መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። የነቀምቴ እናቶች መጽሐፉን ሳያነቡ ጥያቄውን በየቀኑ ይመልሱታል፤ ከአምስት ልጆች መካከል ሁልጊዜ የሚላከው አንዱ ነው፤ እሱም ለምን እኔ ብቻ እያለ ያለቅሳል።

ያውቁ ኖሯል? የቤቱን የማዕረግ ቅደም ተከተል ለልጅ የሚያሳየው ጆግና ሳፋ ነው። እንግዳ ሲመጣ ማስታጠብ የታናሹ ሥራ ነው። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፤ ሳፋውን በግራ፣ ጆጉን በቀኝ ይይዛል፤ ሳሙናው እንዳይንሸራተት ዓይኑ እዚያ ላይ ነው። ከማን ይጀምር? ከእንግዳው። ከእንግዶቹስ? ከሽማግሌው። ሁለት ሽማግሎች ጎን ለጎን ከተቀመጡ ጭንቅ ነው፤ ልጁ እናቱን ይመለከታል፤ እሷም በአገጯ ታመለክተዋለች። ውሃው ቀጭን ሆኖ ይውረድ እንጂ እጅጌ እንዳያረጥብ። ታጣቢው እጁን እያራገፈ «እደግ፣ ተመንደግ» ይላል፤ በኦሮምኛ ከሆነ «ጉደዹ»። አንዳንዱ ሽማግሌ ምርቃቱን እንትፍ እንትፍ ብሎ ያጸናዋል። ልጁ ሲጨርስ በክፍሉ ውስጥ ማን ከማን እንደሚበልጥ በእጁ አውቆታል። አሁን በየቤቱ የቧንቧ መታጠቢያ ሲገባ ይህ ትምህርት ቀስ ብሎ እየወጣ ነው፤ እንግዳው ራሱ ተነስቶ ይታጠባል።

ያውቁ ኖሯል? እናት እንግዳ ፊት አትቆጣም፤ ዓይኗን ታፈጣለች። ልጁ እጁን ከሳህኑ ይሰበስባል። ቀሪው ሂሳብ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 መሠረት ልጅ በትምህርት ቤትም ሆነ በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አለው። ሕጉ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አርጩሜና ቁንጥጫ ግን ሕገ መንግሥቱን ያነበቡ አይመስሉም። በርበሬ ማጠን የሚባለውን ቅጣት «በሱ ነው ሰው የሆንነው» እያሉ በናፍቆት የሚያወሩ ሰዎች አሉ። እኔ አንድም ቀን አልናፈቀኝም።

ያውቁ ኖሯል? ልጅን በጥያቄ መፈተን የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ጂን ብሪግስ በሰሜን ካናዳ ከኢኑይት ቤተሰቦች ጋር ኖራለች። አዋቂዎቹ በልጅ ላይ ቁጣቸውን ማሳየት እንደ ሕፃንነት ይቆጥሩታል፤ ስለዚህም የመጀመሪያው መጽሐፏ፣ በ1970 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ የሚተርከው ስለማይቆጡ ሰዎች ነው። በቁጣ ፈንታ ግን በቀልድ መልክ አስጨናቂ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ለሦስት ዓመት ልጅ «ታናሽ ወንድምህን ለምን አትገድለውም?» ይሉታል። ልጁ ፈርቶ፣ አስቦ፣ ወንድሙን እንደሚወድ በራሱ አፍ ይናገራል። በወለጋም እንግዳ ገብቶ ሕፃን ሲያይ «ይህቺን እህትህን ልውሰዳትና ልሽጣት?» ይላል። ታላቁ ልጅ ተነስቶ እህቱን ጥርቅም አድርጎ ሲያቅፍ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ ልጁ ግን ሳቁ አልገባውም፤ እሱ ለእውነት ነው የያዛት።

ያውቁ ኖሯል? በፓፑዋ ኒው ጊኒ የካሉሊ እናቶች ሕፃኑን ፊቱን ወደ ሰው አዙረው ይይዙትና በእሱ ፈንታ ይናገራሉ፤ መናገር ሲጀምር ደግሞ ምን ማለት እንዳለበት እየነገሩ «እንዲህ በል» ይሉታል። ይህን ያጠናችው ባምቢ ሺፈሊን ናት። እኛ ቤት ከረሜላ የተሰጣት ልጅ አፏን ከመክፈቷ በፊት ከኋላ «እግዜር ይስጥልኝ በይ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ነቀምቴ ውስጥ ደግሞ ድምፁ ሁለት ቋንቋ አለው፤ «ገለቶሚ ጀዺ» ለአንዱ ጎረቤት፣ «እግዜር ይስጥልኝ በይ» ለሌላው። አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ለማን «አንቱ»፣ ለማን «ኢሲን» እንደምትል ለይታ ታውቃለች፤ የጎረቤቱን ሽማግሌ በባዶ ስሙ የጠራች እንደሆነ ደግሞ መጀመሪያ የምትደነግጠው እናቷ ናት። በኦሮምኛ ኦቦ፣ አዴ ወይም በበኩር ልጁ ስም «አባ እገሌ» ይባላል፤ በአማርኛ ጋሼ፣ እትዬ፣ አባባ።

ያውቁ ኖሯል? ልጅን በብዛት የሚያርመው ልጅ ነው። የሦስት ዓመት ሕፃናትን አዲስ ጨዋታ ካስተማሩ በኋላ አንድ አሻንጉሊት ጨዋታውን አበላሽቶ ሲጫወት ቢያሳዩዋቸው ዝም አይሉም፤ «እንደዚያ አይደለም!» ብለው ይቃወማሉ። ራኮችዚ፣ ቫርነከንና ቶማሴሎ ይህን እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል። ማንም ዳኛ አላደረጋቸውም፤ ጥቅማቸውም አልተነካም። ሰኞ ማክሰኞ ሲዘለል መስመር የረገጠችውን ለማስወጣት የሚሰበሰበውን ጉባኤ ያየ ሰው በውጤቱ አይደነቅም። በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት በስምንት ማኅበረሰቦች ከ5 እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆችን አይቶ፣ ሁሉም ሕግ የጣሰ እኩያቸውን እንደሚያርሙ፣ የገጠሮቹ ግን ከከተሞቹ ይልቅ ጣልቃ መግባት እንደሚያዘወትሩ አግኝቷል።

ያውቁ ኖሯል? የሰው ልጅ የማይረባውንም ጭምር ይቀዳል፤ ቺምፓንዚ አይቀዳም። ሆርነርና ኋይተን እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ውስጡን የማያሳይና አንድ ግልጽ ሣጥን ሠሩ። ሣጥኑን ለመክፈት አንዳንዶቹ እንቅስቃሴዎች ምንም አይጠቅሙም፤ ግልጽ በሆነው ሣጥን ውስጥ ይህ በዓይን ይታያል። እዚህ ላይ ቺምፓንዚዎቹ የማይጠቅመውን ዘለው ምግባቸውን ወሰዱ። ልጆቹ ግን የታዩትን አንድ በአንድ ደገሙ። ኒልሰንና ቶማሴሊ ከአምስት ዓመት በኋላ በደቡብ አፍሪካ ምድረ በዳ በሚኖሩ የቡሽመን ልጆች ላይ ያው ሆኖ አገኙት። ልጆቹ ሞኝ ሆነው ነው? አይመስለኝም። ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ የነቀምቴ ሴት ልጆችን ተመልከቱ። ቆርኪው ስኒ ነው፣ የቲማቲም ጣሳው ጀበና፣ አፈሩ ቡና። ጣሳው ይታጠባል፣ «ቡናው» ይቆላል፣ ጭሱን ለእንግዳ ማሽተት አለ፣ አቦል ተቀድቶ ቶና ይጠበቃል፣ ከጎረቤት ቤት (ከድንጋዩ ማዶ) አንዷ ተልካ ሰው ትጠራለች። ለጥም ቢሆን አንድ ስኒ በበቃ ነበር። ዛሬ የማይጠቅም የሚመስለው ነገር ሁሉ ነገ ልጅቷ ትልቅ ሴት ስትሆን ያለ እሱ ቡና ቡና አይባልም።

ቡና ካነሳን አይቀር፣ በወለጋ ቡና የሚቆላበት ብቻ ሳይሆን «ቡና ቀላ» የሚባልም አለ። የቡናው ፍሬ ከነገለፈቱ በቅቤ ይጠበስና ለምርቃት ይቀርባል። ልጆች ቅቤ የጠጣውን ፍሬ በመዳፋቸው ይቀበላሉ። ስለ ጣዕሙ አስተያየት የሚሰጥ ልጅ ግን ምርቃቱን አቋርጧል ማለት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ሕፃን ያዘለች ታላቅ እህት ራሷም እየተማረች ነው። ቢያትሪስና ጆን ኋይቲንግ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ሥራ በኬንያ፣ በሜክሲኮ፣ በፊሊፒንስ፣ በሕንድ፣ በኦኪናዋና በአሜሪካ ያሉ ስድስት ማኅበረሰቦች ልጆች ተነጻጽረዋል። በሥራ የሚያግዙና ታናናሾቻቸውን የሚጠብቁት ልጆች ሌላውን መርዳትና መንከባከብ በርትቶባቸው ታይቷል። የአሜሪካዋ ከተማ ልጆች በብዛት የሚጠይቁት ለራሳቸው ነበር። ይህን ስጽፍ ግን አንዱን ወገን ልወቅስ አይደለም፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሕፃን አዝላ ውሃ ስትቀዳ ከትምህርት ቤት የቀረች እንደሆነ ርኅራኄዋ ውድ ዋጋ ተከፍሎበታል።

ያውቁ ኖሯል? ጣፋጭ ፊቱ ተቀምጦ «ሳትበላ ብትጠብቅ ሌላ እጨምርልሃለሁ» የተባለ የአራት ዓመት ልጅ በካሜሩን እንሶ ገበሬዎች ዘንድ ከሆነ በብዛት ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት እንደሚለው 70 በመቶ ያህሉ ሲጠብቁ ከጀርመን ልጆች የጠበቁት 28 በመቶ ያህሉ ነበሩ። አራት ዓመት ቆይቶ የወጣ ጥናት ደግሞ ነገሩን አጣፍጦታል፤ የጃፓን ልጆች ለምግብ፣ የአሜሪካ ልጆች ለስጦታ መጠበቅ ይቀናቸዋል። ጃፓን ሁሉም ማዕድ ላይ እስኪቀርብ መጠበቅ፣ አሜሪካ የገና ስጦታን ሳይፈቱ መጠበቅ ልማድ ነው። ልጅ የሚችለው የለመደውን መጠበቅ ነው ማለት ነው። ታዲያ ትልልቆቹ በልተው እስኪነሱ የሚጠብቀው፣ ፍልሰታን እስከ ቅዳሴ መውጫ እጾማለሁ ብሎ የሚውለው፣ ረመዳን ላይ ግማሽ ቀን የሚሞክረው የነቀምቴ ልጅ ጣፋጩ ፊት ቢቀመጥ ስንት ሰዓት ይቆይ ነበር?

ያውቁ ኖሯል? «የሱ በለጠ!» የሚለው ለቅሶ ዓለም አቀፍ ነው፤ «የኔ በለጠ» የሚለው ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔቸር መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት በሰባት አገሮች 866 ጥንድ ልጆች ከረሜላ ሲከፋፈሉ ታይተዋል። ለሌላው ሲበዛ እምቢ ማለት በሁሉም አገሮች ተገኘ። ለራስ ሲበዛ እምቢ ያሉት ግን በአሜሪካ፣ በካናዳና በኡጋንዳ ያሉ ከፍ ያሉ ልጆች ብቻ ነበሩ።

ያውቁ ኖሯል? በእኛ መንግሥታዊ ትምህርት ቤቶች ክፍል መጥረግ የተማሪ ተራ ነው፤ በጃፓንም እንዲሁ። ጃፓኖች ሲያደርጉት በቪዲዮ ተቀርጾ ዓለም ያደንቃቸዋል። የእኛን ተረኛ ማንም አልቀረጸውም።

ያውቁ ኖሯል? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የገዳ ሥርዓት ልጅነትንም እርከን አድርጎ ይቆጥረዋል። የመጀመሪያው እርከን ደበሌ ይባላል፤ ስምንት ዓመት ነው። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት እንደገለጸው በቦረና ደበሌ የሆኑ ወንዶች ልጆች ጸጉር አይላጭም፤ እንደ ሴት ልጅ ይጠራሉ፤ አይመቱም፤ ሰዎች እናቶቻቸውን ምርቃት ይለምናሉ። ሕግ ለማክበር የሚዘጋጅ ትውልድ ከሕግ ውጪ ሆኖ ይጀምራል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ብልሃት ሌላ የት እንዳለ አላውቅም። በወለጋ በኩል ከገዳ ማዕከላት አንዱ በሆሮ ጉዱሩ ያለው ኦዳ ቡሉቅ ነው።

ያውቁ ኖሯል? የወለጋ ሽማግሎች «ሰፉ» የሚሉትን፣ ለሰውም ለፍጥረትም የሚገባውን ክብርና ርቀት፣ በሰፊው ከጻፉት አንዱ የካቶሊክ ካህን ነው። ሆላንዳዊው ላምበርት ባርትልስ በምዕራብ ወለጋ ኖሮ በ1983 እ.ኤ.አ. ስለ ምዕራብ ኦሮሞ እምነት መጽሐፍ አሳትሟል። አባትና ልጅ መካከል ሰፉ አለ፤ አማችና ምራት መካከልም አለ። ልጁ ይህን ማንም ሲተነትንለት አይሰማም፤ «ሰፉ!» የሚል ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ግን እጁ ያለበት ይቀራል።

ያውቁ ኖሯል? በአፋን ኦሮሞ ከታተሙ የመጀመሪያዎቹ የንባብ መጻሕፍት አንዱ የተሞላው አንዲት ልጅ ምሽት ላይ ሰምታ ባልረሳችው ነገር ነው። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ ለባርነት ተዳርጋ ወደ ዓረብ ምድር ስትጫን፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከብ አስጥሏት ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ያለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው አናሲሞስ ነሲብ ቃላት ሲያጣ የሚጠይቀው እሷን ነበር፤ እሱ ራሱ በልጅነቱ የተሰረቀ ነውና አፍ መፍቻው በቂ አልነበረውም። እሷ ከትዝታዋ ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን፣ ዘፈኑንና እንቆቅልሹን እየለቀመች ጻፈች፤ ጥቂቱ በ1894 እምኩሉ በታተመው የፊደል መማሪያ ውስጥ ገባ። ሁለቱም በ1904 ወደ ወለጋ መጥተው ማስተማር ጀመሩ፤ ነቀምቴ ላይ የተቀበላቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ማለትም ኩምሳ ሞረዳ ነው። ከቤቷ የተነጠቀች ልጅ ስለ ስስት፣ ስለ ተንኮልና ስለ ይሉኝታ የተነገራትን አልጣለችም። ትምህርት ቤት ሳይኖር የተማረችው ይህ ነው፤ ለትምህርት ቤት መጽሐፍ የሆነውም እሱ።

ያውቁ ኖሯል? ተረት በቀን አይነገርም፤ ከብት ይጠፋል ይባላል። ታደሰ ጃለታ ጅራታ በጉጂ ኦሮሞ ያጠናቸው ልጆች ግን ከትልልቆቹ በምሽት የሰሙትን ተረት በእረኝነት ላይ ሳሉ ለእኩዮቻቸው ይነግራሉ። ከብቶቹ እዚያው ናቸው፤ ስለዚህ ክልከላው ማንን እንደሚያስፈራ ግልጽ አይደለም።

ያውቁ ኖሯል? በአማርኛው እንቆቅልሽም ሆነ በኦሮምኛው ሂቦ የተሸነፈ ልጅ አገር ይሰጣል። ሽንፈትን ማመን፣ ከመኮሳተር ይልቅ መክፈል፣ አሸናፊውም ቸኩሎ መልሱን ሳይናገር መጠበቅ እዚያ ይለመዳል። የተሰጠው አገር ትንሽ መንደር ከሆነ ጠያቂው «አልፈልግም፣ ሌላ!» ይላልና ድርድሩ ይጀመራል። እንደታዘብኩት ነቀምቴ ውስጥ ነቀምቴን ቀድሞ የሚሰጥ የለም፤ መጀመሪያ ባኮ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ሻምቡ፣ ነገሩ ከጠና አዲስ አበባ።